ሁለት ጊዜ የተቀየረው ሰዓት

ሰናይት የደወለችልኝ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የታጠበ አንሶላ ሳሰጣ ነው። "እትዬ የሺ፣ አባዬ ዐረፈ" አለችኝ። አንሶላውን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው፤ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ቆይተዋል፤ ድንገተኛ ነው የሚል የለም። ግን እኔ የድሮ አለቃዬ ዶክተር ሐጎስ ይሞታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዓይኔ ሲርቁ ሁልጊዜ መስክ የወጡ ነበር የሚመስለኝ።

በማግስቱ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ምን እንደመረመሩ ከተነገረ በኋላ "ሠላሳ አንድ የምርምር ጽሑፎችን በታወቁ የውጭ መጽሔቶች አሳትመዋል፤ ጽሑፎቻቸውም በብዙ የዓለም ምሁራን ተጠቅሰዋል" ተባለ። ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከኋላ ቆሜ "ሠላሳ ሁለት!" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ መሰለኝ፣ ከጎኔ የነበሩ ሴትዮ ገላመጡኝ። ቀብር ላይ ቁጥር የምታርም ሴት አይተው አያውቁም ይሆናል።

ሠላሳ ሁለተኛዋ ግማሽ ገጽ ናት። ታይፕ ያደረግኳት እኔ ነኝ። እንድትጻፍ ያደረገው ጥፋትም የእኔ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ዛሬ ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ነበር። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ቪላው ለምርምር ተቋሙ ደረሰው። ሳሎኑ ላቦራቶሪ፣ ማድቤቱ የብልቃጥ ማጠቢያ ሆነ። የልጆች መኝታ ቤት የነበረው ደግሞ ለእኔና ለጽሕፈት መኪናዬ ተሰጠን፤ ግድግዳው ላይ የልጆቹ ቁመት የተለካበት ጭረት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይወጣል። መታጠቢያ ቤቱ ሮዝ ቀለም ያለው ገንዳ ነበረው። በገንዳው ውስጥ አልኮል የሞላባቸው ብልቃጦች በመደዳ ተደርድረዋል፤ በየብልቃጡም ጥቁር ዝንብ አለች። እንግዳ መጥቶ "እጄን ልታጠብ" ያለ ቀን የምንሳቀቀው እኛ ነበርን።

ዶክተር ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያች ዝንብ ነው። ከሰሊጥ ፍሬ ብዙ አትበልጥም። ወንዝ ዳር ሰው እየነከሰች ቆዳን የሚያሳክክ፣ እያደርም ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ታስተላልፋለች። እሳቸው ግን ስለ እሷ ሲያወሩ ስለ አመለኛ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። "ዘንድሮ ጠባይዋ ተቀይሯል፤ ዝናቡ ነው ያኮረፋት" ይሉኛል። ቀጭንና አጭር ሰው ነበሩ። ቢሮ ውስጥ በሰንደል ጫማ ነው የሚሄዱት። ሱሪያቸው ጉልበቱ አካባቢ የመጠቅለል መስመር አለው፣ ቅልጥማቸውም በንክሻ ጠባሳ ዥጉርጉር ነው። ሌላውን ወንዝ ዳር ከማስቀመጣቸው በፊት ራሳቸው ብዙ ዘመን ተቀምጠዋል።

ጽሑፍ ሲነግሩኝ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ላይ ይቆማሉ። ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ መስታወቱን በጋብቻ ቀለበታቸው ኳ ያደርጉታል። ኳ ካላለ አላለቀም። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገራቸው ግማሽ ገጽ ይሄድ ነበርና ያቺን ኳ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ነበር የምጠብቃት።

አንድ የማንስማማበት ነገር ነበር፤ ፍሉድ። ስህተት የምንሸፍንበት ያ ነጭ ቀለም ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም፤ እኔ ግን አንዲት ጠርሙስ አግኝቼ በመሳቢያዬ እንደ ሽቶ ነበር የማስቀምጣት። እሳቸው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ገጽ ሲያዩ፣ "የሺ፣ አንቺ ግድግዳ ነው የምትቀቢው?" ይሉና ወረቀቱን ነቅለው ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የጽሑፍ ወለምታ ደግሞ በቀለም አይድንም፤ ይጻፋል እንደገና።" በሆዴ ስንት ጊዜ እንደረገምኳቸው እግዜር ይወቀው። ይቅር ይበሉኝ።

ዓርብ ግን ደጉ ቀናችን ነበር። ዓርብ ዓርብ ከፖስታ ሳጥናችን ካርዶች ይመጣሉ። ያኔ ኢንተርኔት የለ፤ የአንድን ሰው ጽሑፍ የፈለገ ተመራማሪ "እባክዎ አንድ ቅጂ ይላኩልኝ" የሚል ትንሽ ካርድ ይልካል። ከብራዚል ይመጣል፣ ከህንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከምሥራቅ ጀርመን። ዶክተር እያንዳንዱን ጮክ ብለው ያነቡና መልሱን በእጃቸው ጽፈው ቅጂውን ይልካሉ። ካርዱን በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይከቱታል። ሌላው ሰው ዕቁብ ሲደርሰው እንደሚፈካው ያኔ ፊታቸው ይፈካል።

አንድ ዓርብ የአስተዳደር ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየ። ካድሬ ነበር፤ ክፉ አልለውም፣ ግን ሁሉ ነገር የሚሸተው ሰው ነበር። "ጓድ ዶክተር" አለ፣ "ይህ ሁሉ ኢምፔሪያሊስት ከእርስዎ ምን ይፈልጋል?"

"ዝንብ" አሉት።

"ዝንብ ብቻ?"

"ይቺኛዋ ካርድ ከቡልጋሪያ ናት። ሶሻሊስቶቹም ዝንብ ይፈልጋሉ፣ ጓድ።"

እሱ ሲወጣ ሳቄ አፈነኝ። እሳቸው አልሳቁም፤ ካርዷን ወደ ቆርቆሮው ሲከቱ እንዲህ አሉኝ፦ "የሺ፣ መጠቀስ ማለት ስምሽ መጠራቱ አይደለም። ወንዝ በድንጋይ ላይ ስትሻገሪ ከኋላሽ ያለው ሰው አንቺ የረገጥሽውን እያየ ይረግጣል አይደል? እሱ ነው መጠቀስ። ድንጋዩ ከላላ እኔ አልወድቅም፤ እኔ ተሻግሬያለሁ። የሚወድቀው ተከትሎኝ የሚመጣው ነው።" ጥሩ አባባል ነው ብዬ በደብተሬ ጻፍኩት። በእኔ እንደሚደርስ አላወቅኩም።

መስክ ላይ ሥራውን የሚሠሩት አቶ ወዳጆ የሚባሉ የከፋ ክፍለ ሀገር ሰው ነበሩ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር ይቀመጣሉ፤ ዝንቧ እግራቸው ላይ ስታርፍ ሳትነክሳቸው በብልቃጥ ይከድኗታል፤ ብልቃጡ ላይ ሰዓቱን ይጽፋሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት እያሉ በእኛው ሰዓት ነው የሚጽፉት። ያንን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሮ ታይፕ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። "የሺ አደራ፣ የእኛ ሰዓት ያለ ፓስፖርት ከአገር እንዳይወጣ" ይሉኝ ነበር ዶክተር። ታይፒስት ብሆንም በዚያች አደራ የተነሳ ግማሽ ሳይንቲስት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጉዱ የመጣው በትልቁ ጽሑፍ ላይ ነው። ዝንቧ በየትኛው ሰዓት በርትታ እንደምትነክስ የሚናገር፣ የአራት ዓመት ሥራ። ሊጨርሱት ሲሉ ስንለምነው የከረምነው የነዳጅ ፈቃድ ድንገት ተገኘ። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን የተገኘ ፈቃድ አይታደርበትም። ዶክተር ጽሑፉንና ሰንጠረዡን በእጃቸው ጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፣ አብሮ በሚላከው ደብዳቤ ላይ አስቀድመው ፈረሙ፣ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገቡና ሄዱ። በችኮላቸው አንድ ነገር ሳይነግሩኝ ነው የሄዱት፤ ሰዓቱን በዚህኛው ጽሑፍ ላይ ራሳቸው ወደ ፈረንጅ ቀይረውት ነበር።

እኔም እንደ ልማዴ ቀየርኩት። የእኛ አሥር ሰዓት የፈረንጅ አራት ነው፤ እሳቸው ጠዋት ወይም ከሰዓት ሳይሉ አራት ብቻ ብለው ጽፈውታል። እኔ አራትን ሳይ የእኛ የረፋዱ አራት መሰለኝና አሥር አደረግኩት። ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች፣ ጽሑፉንም ከዳር እስከ ዳር እንዲህ አደረግኩ። ከሰዓት በኋላ የምትነክሰው ዝንብ ጠዋት የምትነክስ ሆነች። ለእርማት ከውጭ የመጣውን ቅጂ ያነበብኩትም እኔው ነኝ፤ ከራሴው ሥራ ጋር አመሳከርኩና አንድም ግድፈት የለበትም ብዬ መለስኩ።

ዶክተር ደግሞ የታተመ ጽሑፋቸውን አያነቡም። "የሸኘሁትን እንግዳ መንገድ ላይ ተከትዬ አላይም" ይሉ ነበር። ይህች የእሳቸው ጥፋት ናት፤ ሳይነግሩኝ ከመሄዳቸው ሌላ በጉዳዩ ያለቻቸው ድርሻ እሷ ብቻ ናት።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ያ ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ተፈለገ። በየዓርቡ ካርድ በካርድ ሆንን፤ ሁለተኛ ቆርቆሮ ጀመርን። ተቋሙን የሚመራ ሰው ሊሾም ስለነበር ዶክተር ታጩ፤ የጽሑፎቻቸውን ዝርዝር በአምስት ቅጂ ታይፕ አደረግኩ፣ ያ ጽሑፍ ከላይ ተቀመጠ። ያ የጠረጠረን ካድሬ ሳይቀር ካርዶቹን ቆጥሮ "ለአገር ክብር ነው" ማለት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓርብ፣ አቶ ወዳጆ ብልቃጥ ይዘው አዲስ አበባ መጥተው እኔ ክፍል ውስጥ ሻይ ሲጠጡ፣ ከፖስታው መሀል በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ወጣ። የመጀመሪያው ነበር። ዶክተር ፈጥነው ከእጄ ወሰዱት። "አያችሁ? ከገዛ አገሬ!" ብለው ቆመው አነበቡት። የጻፈው ከደቡብ ምዕራብ አንድ የሰፈራ ጣቢያ የጤና ረዳት ነው። በድርቁ የተነሳ ከትግራይና ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰዎች ያሉበት ጣቢያ ነው። ጅማ ሥልጠና ላይ ጽሑፍዎ ሲጠቀስ ሰማሁ፣ ቅጂ ይላኩልኝ ይላል። ቀጥሎም፣ "በጥናትዎ መሠረት ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ወንዝ እንዳይወርዱ ከልክለናል። አሁን ውሃ የሚቀዱት ከሰዓት በኋላ..."

እዚህ ላይ ማንበቡን አቆሙ።

አቶ ወዳጆ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ከሰዓት በኋላ? ምነው ዶክተር፣ ያኔማ ጎሽም ወንዝ አይወርድ! ሴቶቹን ማነው እንዲህ ያላቸው?"

ዶክተር መጽሔቱን ከመደርደሪያው አወረዱ። አዩት። ከዚያ ያንን የእጅ ጽሑፍ ከፋይሉ፣ የእኔን የካርቦን ቅጂ ደግሞ ከመሳቢያዬ አስወጡኝና ሦስቱን ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ለእኔ ከእሳቸው ቀድሞ ነበር የገባኝ።

"ዋይ ኣነ!" አሉ፣ በልጅነት ቋንቋቸው በትግርኛ፤ ወዮልኝ እንደ ማለት ነው። "ሁለት ጊዜ ቀየርነው።"

ቀየርሽው አላሉም። ቀየርነው ነው ያሉት። ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ማልቀስ ጀመርኩ። "ለቅሶው ይቆየን" አሉኝ። "እነዚያ ሴቶች ወንዙን አያውቁትም። የመጡት ወንዝ ከሌለበት ነው። የነገርናቸውን ነው የሚያምኑት።" ወዲያው ለጤና ረዳቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ አቶ ወዳጆም ሻያቸውን ሳይጨርሱ እህል ጭኖ በሚሄድ መኪና ሊሳፈሩ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አልቆምም፤ ቀጥ ብዬ ነው የምሄድ" አሉኝ። እውነትም አልቆሙም።

ሰኞ ዕለት ዶክተር ስህተቱን ለመጽሔቱ እንደሚያሳውቁ ለካድሬው ነገሩት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ የማስፈርመውን ፋይል ታቅፌ ቆሜያለሁ።

"ሹመቱ በሁለት ወር ውስጥ ይጸድቃል" አለ ካድሬው። "ሰፈራ ጣቢያው ከሆነ ተነግሮታል። ለፈረንጆቹ ከሁለት ወር በኋላ ቢጽፉ ምን ይጎድላል?"

"ጽሑፉን ያነበበው ያ ጣቢያ ብቻ ነው ያለህ ማነው? ሁለት ወር ስንት እንስራ ውሃ ነው፣ ጓድ?"

የካድሬው ድምፅ ተለወጠ። "ለመሆኑ ታይፕ ያደረገው ማነው? ይሄ አሻጥር እንደሆነስ?"

በዚያ ዘመን አሻጥር ቀልድ አልነበረችም። በእሷ ከቢሮው ተጠርቶ ወጥቶ በዚያው የቀረ ሰው እናውቃለን። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ ሌላ ጧሪ የሌላት እናት አለችኝ። ፋይሉ ከእጄ ሊወድቅ ሲል በደረቴ ደገፍኩት።

"ሰዓቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ" አሉ ዶክተር። "እነሆ የእጅ ጽሑፌ። አራት የሚለው የማን እጅ ነው? የእኔ። ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማስ? የእኔ። ሳላነብ የላክሁትም እኔ ነኝ።"

አንድም ውሸት አልተናገሩም። እውነቱን ብቻ እየደረደሩ እኔን ከኋላው ደበቁኝ።

ከዚያ ወደ ክፍሌ መጡ፤ መስኮቱ ላይ ቆሙና ማረሚያውን ነገሩኝ። ደራሲው ሰዓት ሲቀይር ስለተሳሳተ በሰንጠረዡ ውስጥ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ አንባቢው ይህን ተረድቶ እንዲያርም ደራሲው ይቅርታ እየጠየቀ ያሳስባል። ኳ። በሕይወታቸው ከነገሩኝ ሁሉ አጭሩ ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬ መጨረስ አቃተኝ። ሳይነግሩኝ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ስህተቱ የታይፒስቷ ነው፣ ስሟም ይህ ነው አልኩ።

ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ረጅም ጊዜ አነበቡት።

"የሺ፣ ያቺ ፍሉድሽ አለች?"

አወጣሁላቸው። ክዳኗን ከፍተው፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲጠሏት በኖሩት ቀለም፣ ስሜን በጥንቃቄ ቀቡት። እስኪደርቅ እፍ እያሉ ጠበቁ። "እንዲሁ ላኪው" አሉኝ።

"ነጠብጣብ አለበት እኮ" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"ይኑርበት።"

ሹመቱ ለሌላ ሰው ሆነ። የዚያ ጽሑፍ ካርዶችም እያነሱ ሄዱ፤ ስህተት የተገኘበትን ማን ይፈልገዋል? አንዳንድ ባልደረቦቻቸው "ጠዋትና ማታ የማይለይ ተመራማሪ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር፤ እሰማለሁ፣ ምላሴን ነክሼ አልፋለሁ። እሳቸው ግን እንደ ድሮው በሰንደላቸው ይመጣሉ፣ መስታወቱን ኳ ያደርጋሉ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ዝርዝራቸውን እንደገና ስጽፍ "ማረሚያዋን ቁጥር አንድ ላይ አድርጊልኝ" አሉኝ። "ግማሽ ገጽ ናት እኮ ዶክተር" ብላቸው፣ "ያለ እሷ ሌላውን ሠላሳ አንድ ማን ያምነዋል?" አሉኝ።

ከቀብሩ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሰናይት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሳውቃት በእጅ የምትታቀፍ ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ እሷም ሐኪም ናት። "ሠላሳ ሁለት ያልሽው አንቺ ነሽ አሉኝ" አለችኝ። "እኔ ኢንተርኔት ላይ ቆጥሬ ነው፤ ሠላሳ አንድ ነው ያገኘሁት።" ስለ ማረሚያዋ ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ፈለገች፣ ፈለገች። "አገኘኋት! ትንሽዬ ናት... ስንት ሰው እንደጠቀሰው እዚህ ጎን ላይ ይጽፋል።" ስልኩን ወደ እኔ አዞረች። "እትዬ የሺ፣ ዜሮ ነው የሚለው።"

"ቆርቆሮዎቹ አሉ?" አልኳት።

ከመኝታ ቤታቸው አመጣቻቸው። ሁለተኛውን ከፈትኩና ከካርዶቹ መሀል የምፈልገውን አወጣሁ። አቶ ወዳጆ ይዘውት የተመለሱት መልስ ነው፤ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ። ያኔ ዶክተር ቆመው ግማሹን አንብበው ለእኔ ሰጥተውኝ እኔ ነበርኩ የጨረስኩት።

ሰናይት አነበበችው፦ "መልእክትዎ በአቶ ወዳጆ እጅ ደርሶናል። ከትናንት ጀምሮ ሴቶቹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ሁሉም ይመለሳሉ።"

"ስህተቱ የእኔ ነበር" አልኳት። ይህን ያህል ዘመን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። "ሁለተኛ የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። "አባዬ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ሁሌ 'እኔ ሳላነብ ፈርሜ' ነው የሚለው። ያንቺን ስም አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም።"

ለልጃቸው እንኳ አልነገሩም። ያኔ ነው ጮኼ ያለቀስኩት፤ ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ።

ሰናይት እጄን ይዛ አጽናናችኝ፤ ከዚያ ስልኳን አነሳች። "ለአርባው የምናሳትመውን የሕይወት ታሪክ አርመዋለሁ" አለች። "ሠላሳ ሁለት እላለሁ። ይህንንም ቃል እንዳለ አስገባዋለሁ።" ከደብዳቤው እያየች መጻፍ ጀመረች፤ "ሴቶቹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት..." ቀና አለች። "ውጭ አገር ላሉ ባልደረቦቹም የሚላክ ነው። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ልቀይረው?"

እጇን ከነስልኳ ያዝኩት።

"አይ ልጄ" አልኳት። "አደራሽን፣ እንዳትነኪው።"